እትዬ ስፖንጅ መኪናዋን ያራቆተች ጊዜ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እትዬ ስፖንጅ ከገዛ መኪናዋ «ውረጂ» እየተባለች ወርዳለች።

የሰው መኪና ቢሆን እሺ፣ የሰው ነው ይባላል። ይቺ ግን የራሷ ናት። የአንድ ሲኒማ ቤት ወንበር በሙሉ፣ አራት መቶ መቀመጫ፣ ስፖንጁን ቀይራ፣ ሞላውን አስራ፣ ጨርቁን ወጥራ፣ ጣቶቿ እንደ ወንፊት እስኪበሱ ሠርታ የገዛቻት ናት። ባሏ ያዋጣው ነገር ቢኖር ቀለም መምረጥ ነው። እሱንም ነጭ ብሎ መረጠ። አቧራ ለሚበላ መንገድ ነጭ!

ስፖንጅ የሚለውን ስም ያወጣላት ሰፈሩ ነው። ልስላሴዋን አይቶ ያወጣው ግን እንዳይመስላችሁ። የሶፋ መሥሪያ ቤቷ ደጃፍ ላይ ሁሌ የስፖንጅ ክምር ስለማይጠፋ ነው። ሴትዮዋን ራሷን ተጭኖ ያየ ሰው ግን ስፖንጅ ሳይሆን የሳንቃ ጫፍ ነው ያገኘው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ኮረብታ አናት ላይ ነው። እስከ ግርጌው አስፋልት ነው። ከዚያ በላይ ያለውን መንገድ ብሎ የጠራውን ሰው ፈጣሪ ይቅር ይበለው። ድንጋይ አለ፣ ቦይ አለ፣ ድንጋይና ቦይ ተቃቅፈው የተኙበት መታጠፊያ አለ። አስፋልቱን እሷ ትነዳለች፤ ሶፋ ጣሪያ ላይ ጭና ከተማውን ስታምስ የምትውል ሴት ናት። ግርጌው ላይ ሲደርሱ ግን ባሏ ጉሮሮውን ይጠርግና፣

«በይ እንግዲህ፣ ይቺ ዳገት የሴት አይደለችም» ብሎ መሪውን ይረከባል።

ይሄም ይሁን። ቀጥሎ የሚመጣው ነው የከፋው።

«ውረጂ፣ መኪናዋ ይቅለላት።»

ጨጓራዋ የሚላጠው እዚህ ላይ ነው። ባሏ እሷን አንድ ተኩል ያህላል። ከኋላ የሚቀመጠው ዋርሳዋ፣ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ደግሞ ሁለቱን ደምሮ ያህላል። እሱ አይወርድም። ለምን አይወርድም ብትል፣ «እሱ ለኋላ ጎማ ነው፤ ጎማው መሬቱን እንዲቆነጥጥ» ትባላለች። የእሷ ክብደት ሸክም ሆኖ የዋርሳዋ ክብደት ጥበብ ነው ማለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ዘንቢሏን አንጠልጥላ፣ ጭስ እየታጠነች የመኪናዋን ቂጥ ተከትላ ወጥታለች። ሁለቱ ወንድማማቾች አናቱ ላይ ቀድመው ደርሰው፣ ወንበር ይዘው፣ «ምነው ቆየሽ?» ይሏታል።

ባሏ አሽከርካሪ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። አሥራ አራት ዓመት የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር። ከሾፌሩ ጀርባ ቆሞ ስለኖረ መንዳት በጀርባው በኩል የገባው ይመስለዋል።

በዚህ ዓመት የእትዬ ስፖንጅ ቀኝ ጉልበት አመፀ። ሐኪሙ ጉልበቷን እንደ በር ማጠፊያ ከፈት ዘጋ አድርጎ አየውና ፈረደ። መቀመጥ ትችላለች፣ መንዳትም ትችላለች፣ ሜዳ ላይ መሄድም ትችላለች። ዳገት ግን እርም። «አንድ ዳገት ከጨመርሽ ቀሪ ዘመንሽን በምርኩዝ ነሽ» አላት። እሷም ምርኩዙን ሳይሆን እናቷን አሰበች። እናቷ ሰማንያ አልፏታል። እናቷም በራሷ ጉልበት ምክንያት ለመጨረሻ ጊዜ ከኮረብታው ከወረደች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ የልጇ ባል በሚነዳው መኪናም አልወርድም ብላለች። «ከተማ ግቢ» ሲሏት፣ «ቤቴን ለዶሮዎቹ ላውርስ?» ትላለች።

ባሏ «ችግር የለም፣ እኔ አንቺን ሆኜ እጠይቃቸዋለሁ» አለና ብርቱካን ይዞ ሄደ። ማታውን እናቷ ደወለች።

«ባልሽ መጣ።»

«እሰይ፤ ተጫወታችሁ?»

«እሱ ተጫወተ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ራሱ ነገረኝ። የላክሽልኝን ብርቱካን ቁጭ ብሎ ላጠ፣ በላ፣ ልጣጩን እኔ ጣልኩለት። ሁለተኛ እንዳትልኪብኝ።»

«እማዬ፣ ጉልበቴ እኮ…»

«የኔስ ጉልበት አይደለም? አንቺ መውጣት አትችይ፣ እኔ መውረድ አልችል። በቃ፣ እንግዲህ በስልክ እንቀባበር።»

ስልኩ ተዘጋ። እትዬ ስፖንጅ የያዘችውን መዶሻ አስቀመጠች። ነገሩ ቀልድ መሆኑን ታውቃለች። እናቷ አንድ ጊዜ ቀልዳ ሁለተኛውን ከምሯ እንደምታደርገውም ታውቃለች።

ባሏ ይሄን ሲሰማ ደረቱን ነፋ። «መላ አለኝ። መኪናዋ የከተማ መኪና ሆና ነው። የጫካ መኪና ትሁን።»

የጫካ መኪና የምትሆነው የት ነው? ዋርሳዋ ሱቅ። ዋርሳዋ የመኪና ጌጣጌጥ ነው የሚሸጠው፤ ሽቶ፣ የመሪ ልብስ፣ አንገቱን የሚነቀንቅ ውሻ። መኪናዋ ጠዋት ሄዳ ማታ ስትመለስ እትዬ ስፖንጅ የሰው መኪና መስሏት በሩን ልትዘጋባት ነበር። ፊቷ ላይ የእስር ቤት መስኮት የሚያህል ብረት ተገጥሟል። ጣሪያዋ ላይ አልጋ የሚያህል የዕቃ መጫኛ ፖርቶ መጋላ ተጭኗል። ፖርቶ መጋላው ላይ ስድስት ፓውዛ ተደርድሯል። በሩ ላይ ደግሞ አፉን የከፈተ ነብር ተለጥፏል።

«ዳገቱን የምንወጣው በጠራራ ፀሐይ ነው» አለች። «ስድስት ፓውዛ ምን ልናይበት ነው?»

«ግርማ ሞገስ ነው» አለ ዋርሳዋ።

«የማን?»

«የመኪናዋ ነዋ!»

እትዬ ስፖንጅ አንድ ልማድ አላት። ከቤቷ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ ሳይለካ አይወጣም፣ ሲመለስም ሳይለካ አይገባም። ከአንገቷ የማይወርደውን ሜትሯን መዘዘችና ከፊት ጎማው እምብርት ተነስታ ከጎማው በላይ እስካለው የፓራፋንጎ ጠርዝ ለካች። ጠዋት ለክታው ነበር። አራት ጣት ወርዷል።

«ዝቅ ብላለች» አለች።

«ምን ዝቅ ትላለች! እንዴት እንደከበደች አታይም?» አለ ባሏ።

«እሱን እኮ ነው የምልህ። ሶፋ ላይ ሰባት ሰው ስታስቀምጥበት ሶፋው ያድጋል እንዴ?»

ማን ይስማት። እሑድ ዕለት ግርጌው ላይ አወረዷት። ጉልበቷ ስለማይፈቅድ አልተከተለችም፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ታይ ጀመር። መኪናዋ እያቃሰተች መታጠፊያው ደረሰች። ከዚያ ያ የእስር ቤት መስኮት ድንጋዩን ነከሰና አለቀቀም። የኋላ ጎማዎች አቧራ እየበተኑ ባዶ ዞሩ። አንድ ፓውዛ ረገፈ። ቀጥሎ ሌላ ረገፈ። በመጨረሻ መኪናዋ የኋሊት ተንሸራትታ፣ ባሏ የኋሊት እየተሳደበ፣ ግርጌው ላይ ተመለሱ።

ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት።

«ከላይ ሆኜ እያየሁ ነው። ባልሽ የሚነዳው መኪና ነው ወይስ ድንጋይ መፍለጫ?»

ባሏ ላቡን እየጠረገ መጣ። «ችግሩ ተገኝቷል» አለ። «አንድ ስንዝር ከፍ መደረግ አለባት። ወንድሜ ከውጭ የመጣ ዕቃ አለው፤ ሙሉ ሞላው ተቀይሮ…»

«ሞላ?» አለች እትዬ ስፖንጅ። «ስለ ሞላ ለኔ ልትነግረኝ ነው?»

ሰኞ ዕለት ማንንም ሳታማክር መኪናዋን አስነስታ ዶክተር ዘንድ ሄደች። ዶክተር የሚባሉት ሽማግሌው መካኒክ ናቸው። ጋራዣቸው ጠባብ ነው፣ ግድግዳው ከዘይት ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል። እሳቸው ግን ሁሌም ነጭ ጋዋን ይለብሳሉ፤ ዶክተር ያስባላቸውም እሱ ነው። መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት። ነብሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ይሄ ምን ያደርጋል?»

«ግርማ ሞገስ ነው ተብያለሁ።»

«ይናከሳል?»

«እስካሁን እኔን ብቻ ነው የነከሰኝ።»

ዶክተር ሳቁ። «እና ምን ላድርግልሽ እህቴ? ላስረዝማት?»

«ስንዝር ከፍ ትበል ነው የሚሉት።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

አሥራ አንድ ዓመት ይሄን ጥያቄ የጠየቃት ሰው የለም። ጎንበስ አለችና የዶክተር ተንሸራታች ሰሌዳ ላይ በጀርባዋ ተኛች። ባለ ትንንሽ ጎማ ሰሌዳ ነው፣ መኪና ሥር ተኝተው የሚገቡበት። ከኪሷ ጨርቅ የምታሰምርበትን ሰማያዊ ጠመኔ አወጣችና ገባች። ዶክተር ከውጭ የሚታያቸው ሁለት ጫማ ብቻ ነበር። ጫማዎቹ ወደ ፊት ሄዱ፣ ወደ ጎን ሄዱ፣ ወደ ኋላ ሄዱ። ስትወጣ ፊቷ ዘይት ሆኗል።

«አሁን ይግቡና ይዩ» አለች። «ድንጋይ የሚነካት ያሰመርኩበት ቦታ ነው። ከፊት ከብረቱ ሥር ያለው የፕላስቲክ ከንፈር። በጎን ሰው የሚወጣበት መርገጫ፣ የቀኙ። ከኋላ ደግሞ ይሄ የተንጠለጠለ መጎተቻ፤ ቦዩን ስትወጣ እሱ ነው መሬት የሚያርሰው። ሆዷን ግን አንድም ድንጋይ ነክቷት አያውቅም።»

ዶክተር ተኝተው ገቡ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ ጋዋናቸውን እንኳ አላራገፉም።

«ያልሽው ቦታ ሁሉ ተፍቋል፤ ሆዷ ደህና ነው። ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አሥራ አንድ ዓመት መኪና ከኋላ ሲከተሉ ሌላ ምን ይታያል?»

«ስለዚህ የምትጋጨው በሆዷ አይደለም» አሉ ዶክተር፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «በጌጧ ነው። ማስረዘም ምን ያደርጋል? ማስረዘም የሚባለው ነገር መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይመጣም። መጀመሪያ ይወለቃል።» ከዚያ ጎማውን ረገጡት። «ይሄስ ምንድነው? ጥርሱ ያለቀ ሊሾ ጎማ! ደግሞ እንዲህ እንደ ድንጋይ ማን ነፋው?»

«ባሌ ነው። ዳገት ከመውጣቱ በፊት ጉልበት እንዲያገኝ ብሎ ይነፋዋል።»

ራሷም በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ጎማ እንዲህ ነክታ አታውቅም ነበር። ስፖንጅ ግን በቀን መቶ ጊዜ ትጫናለች። ጣቷ ወዲያው የሚያውቀውን ነገር ነገራት። ሳንቃ ላይ የተቀመጠ ሰው በሁለት አጥንቱ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ለስላሳ ላይ ሲቀመጥ ግን በሙሉ መቀመጫው ነው፤ አይንሸራተትም።

«አየሩ ቢቀነስ» አለች ቀስ ብላ፣ «ጎማው ድንጋዩ ላይ ይቀመጥ ነበር። አሁን እየቆመበት ነው።»

ዶክተር ቀና ብለው አዩዋት። «አንቺ ሴትዮ፣ ሶፋ ከመሥራትሽ በፊት የት ነበርሽ?»

«አራተኛ ክፍል።»

ሁለቱም ሳቁ። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እትዬ ስፖንጅ ሊቅ ሆና ወደ ቤቷ በገባች ነበር። ዶክተር ግን የሾፌሩን በር ከፍተው አንድ ጥያቄ ጨመሩ።

«ከባዱን ማርሽ የት ላይ ስትደርሱ ነው የምታስገቡት?»

«የቱን ማርሽ?»

«አጭሯን ዘንግ ነዋ። ከዋናው ማርሽ አጠገብ ያለችውን። አራቱንም ጎማ የምታሠራዋን።» አንገታቸውን አስገብተው ፈለጉ። «የታለች? ይሄ መኪና አለው እኮ።»

ከዋናው ማርሽ አጠገብ አጭር ዘንግ አልነበረም። የነበረው የክርን ማሳረፊያ ነው። ቡናማ ቆዳ፣ ውስጡ ወፍራም ስፖንጅ፣ ጠርዙ ድርብ ስፌት፣ መሃሉ ላይ በቁልፍ የተወጋ። ዶክተር በእጃቸው ዳሰሱት።

«ጥሩ ስፌት ነው» አሉ። «ማን ነው የሰፋው?»

እትዬ ስፖንጅ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች።  መኪናዋ የመጣችበትን ሳምንት አስታወሰች። ባሏ፣ «ይቺ አጭር ብረት ጉልበቴን እየነካች አስቸገረችኝ፤ ትርፍ ናት መሰለኝ፤ አንድ ነገር አልብሻት» አላት። እሷም ቁመቷን ለካች፣ ሣጥን አስገጠመች፣ ስፖንጅ ሞላች፣ ቆዳ ወጠረች፣ ሰፋች። ሲያልቅ ጎረቤት ጠርታ አሳይታለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ክር እንኳ አልተፈታም፤ ይሄ እስከ ዛሬ ኩራቷ ነበር።

«ምላጭ አለዎት?» አለች።

ስፌቷን በገዛ እጇ ፈታች። ቆዳው ተገለጠ፣ ስፖንጁ ወጣ፣ ሣጥኑ ተነሳ። ሥሩ አጭሯ ዘንግ ቆማለች። አናቷ ላይ ያለው ኳስ ፋብሪካው ያለበሰው ላስቲክ እንኳ አልወለቀለትም።

«ባለ አራት እግር መኪና ገዝታችሁ» አሉ ዶክተር፣ «አሥራ አንድ ዓመት በሁለት እግሯ አስኬዳችኋት።»

ባሏን ልትራገም አፏን ከፈተች። ከዚያ የእርግማኑ ግማሽ ለራሷ መሆኑ ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው። ያን ሁሉ ዳገት በእግሯ ያስወጣት የባሏ አፍና የእሷ መርፌ ተባብረው ነው።

ሥራው አራት ቀን ፈጀ። ዘንጓ ደርቃ ስለነበር ዶክተር በዘይት እያራሱ፣ እየለመኑም እየሰደቡም አላቀቋት። የእስር ቤቱ መስኮት ወለቀ። ፖርቶ መጋላው ከነቀሩት ፓውዛዎች ወረደ። የፕላስቲኩ ከንፈር፣ የጎን መርገጫዎቹ፣ የኋላው መጎተቻ አንድ በአንድ ቡሎናቸው ተፈታ። በምትኩ ከፊትም ከኋላም ከዋናው ብረት ጋር የታሠሩ፣ ከፍ ብለው የተቀመጡ ወፍራም መንጠቆዎች ገቡ፤ ከተቀረቀረች የምትሳበው በእነሱ ነው። ጎማውን እሷ ሰፋ ያለ እንዲሆን ፈልጋ ነበር።

«ፋብሪካው በሩ ላይ የጻፈው ልክ ነው የሚገጠመው» አሉ ዶክተር። «ጥርሱን እንቀይራለን፣ ቁመቱን አንነካም። ያለልኩ የተሰፋ ልብስ ታውቂ የለም?»

«በቃ፣ ገብቶኛል።»

በመጨረሻ የአየር መለኪያና በእግር የሚረገጥ ፓምፕ ሰጧት። አነዳዱንም ከጋራዡ ጀርባ ባለ የአሸዋ ክምር ላይ አስተማሯት። ትምህርቱ አጭር ነበር። «እግርሽን ከሁሉም ነገር ላይ አንሺና እሷ ታስብበት።»

መኪናዋን ያየ ጊዜ ባሏ ጭንቅላቱን ያዘ።

«አራቆትሻት!»

«ሥራ ልትሄድ ነው፤ ጌጧን አወለቀች።»

«ይሄ ሁሉ የወንድሜ ዕቃ…»

«ሱቁ በር ላይ ክምር ብሎ ይጠብቀዋል።»

«ነብሩስ?» አለ ዋርሳዋ፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«ነብሩን ተውኩልህ። ክብደት የለውም።»

እሑድ ጠዋት ግርጌው ላይ ደረሱ። እትዬ ስፖንጅ ሞተር አጥፍታ ወረደች። ባሏም እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ዞሮ ሲመጣ፣ እሷ ጎማ ሥር ተቀምጣ አየር ስታስወጣ አገኛት። ፍስስስ ይላል።

«ምን እያደረግሽ ነው? እየተነፈሰ እኮ ነው!»

«እያስተነፈስኩት ነው።»

«ሰው ነፍቶ ይወጣል እንጂ ተንፍሶ ይወጣል? ይቺ ሴትዮ ለየላት!»

አራቱንም እየለካች ጨረሰች። ጎማዎቹ ሆዳቸው ትንሽ ገፋ አለ። ከዚያ ተነስታ ተመልሳ መሪው ጋ ተቀመጠች። በሩን ዘጋች።

ባሏ በመስኮቱ ጎንበስ አለ። «በይ ውረጂ።»

«አልወርድም።»

ለዚህ ቀን ብዙ አዘጋጅታ ነበር። ስለ አራት መቶ ወንበር፣ ስለ ዋርሳዋ ክብደት፣ ስለ ጫማዋ፣ ስለ ብርቱካኑ። ከአፏ የወጣችው ግን ያቺ አንዲት ቃል ብቻ ሆነች። ባሏም ወንድሙን አየ፤ ወንድሙ ደግሞ ዳገቱን አየ። ባለፈው ሳምንት የኋሊት ሲንሸራተቱ ከኋላ የተቀመጠው እሱ ነበር።

«እኔ እንኳ» አለ ዋርሳዋ በሩን እየከፈተ፣ «ከታች ሆኜ ባይ ይሻለኛል።»

ባሏ ግን ኩራቱ አላስወረደውም። ዞሮ ገብቶ ከጎኗ ተቀመጠ፤ ክርኑን ሊያሳርፍ ሲል ክርኑ ባዶ ላይ ወደቀ። «ማሳረፊያዬስ?» አለ። እሷ አጭሯን ዘንግ ያዘችና ወደ ኋላ ሳበች። ቋ ብላ ገባች።

መኪናዋ ተንቀሳቀሰች። ሄደች ማለት ይከብዳል፤ መሬት ላይ የወደቀ መርፌ እንደሚፈልግ ሰው ነው የምትራመደው። ድንጋዩ ሲመጣ ጎማው አልዘለለውም፣ አቀፈው። ሞተሩ ሳይጮህ ያጉተመትማል። የባሏ ጩኸት ግን ለሁለቱም በቃ።

«ነዳጅ ስጪ! ስጪ እንጂ! ግራ! ኧረ ግራ! የኔ እመቤት፣ ቀኝ ማለቴ ነው!»

«ትኬት እየቆረጥክ ነው ወይስ እየመራኸኝ?»

መታጠፊያው ደረሱ። የፊት ቀኝ ጎማ ወደ ቦዩ ወረደ፣ የኋላው ግራ ከመሬት ሊነሳ ቃጣው፣ መኪናዋ ወደ ባሏ ጎን አጋደለች። በመስኮቱ የሚታየው ሰማይ ሳይሆን የቦዩ ድንጋይ ሆነ። ባሏ በሩን ከፈተ።

«ጎማውን ወርጄ ልይልሽ!» አለና፣ እሷ እሺም እምቢም ሳትል፣ ዘሎ ወረደ።

ብቻዋን ቀረች። አልፈራሁም ብትል ውሸት ነው።  ብትመለስ ማንም አይፈርድባትም፤ ከታች ያለው ዋርሳዋም፣ ጎን ላይ የቆመው ባሏም ተመለሺ እያሉ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። ግን የሚመለስ መኪና እናቷ ዘንድ አይደርስም። እግሯን ከሁሉም ነገር ላይ አነሳች። ጆሮዋን ሰጠች። አሥራ አንድ ዓመት ከኋላ ሆና የምታውቀውን ድምፅ ጠበቀች፤ በዚህ ድንጋይ ላይ ብረት ሲፋቅ የሚሰማውን። የፊት ጎማ ወጣ። ድምፅ የለም። ጎኗ አለፈ። ድምፅ የለም። የኋላው ቦዩ ውስጥ ገባ፣ ትንሽ ዞረ፣ ቆነጠጠ፣ ወጣ። ከጎማው በቀር አፈር የነካ ነገር የለም። እትዬ ስፖንጅ ብቻዋን መኪና ውስጥ ጮክ ብላ ሳቀች።

እናቷ ምርኩዟን ይዛ አጥሩ በር ላይ ቆማ ነበር። ዶሮዎቹ ዙሪያዋን ከበዋል።

«ማን ነው የሚነዳው?»

«እኔ ነኝ እማዬ።»

«ባልሽስ?»

«ጎማ እያየ ነው።»

እናቷ መኪናዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ከስታለች» አለች። «ደግ አደረገች። ነይ በይ፣ ግቢ።»

«አንቺ ነሽ የምትገቢው» አለችና እትዬ ስፖንጅ በጎን ያለውን በር ከፈተችላት።

እናቷ ዳገቱን ቁልቁል አየችው። ስድስት ዓመት ከላይ ሆና ስታየው የኖረችው ነው። ከዚያ ቤት ገብታ ብዙ ቆየች። የተሻለውን ሻርፕ ለብሳ፣ ለዶሮዎቹ ጥሬ በትና፣ ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ከታ መጣች። ቀበቶውን እሰሪ ስትባል፣ «ምን አጥፍቼ ነው የምታሰረው?» አለች። መርገጫው ስለወለቀ ልጇ በርጩማ አምጥታ፣ ከሥር ደግፋ ነበር ያወጣቻት።

ሲወርዱም በከባዱ ማርሽ ነው። ፍሬን አልነካችም፤ መኪናዋ ራሷን ይዛ ወረደች። ባሏን መታጠፊያው ላይ አገኙት። ጥግ ይዞ ቆሟል፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው።

«እማማ!» አለ፣ ዓይኑን ማመን አቅቶት። «እንዴት ደፈሩ?»

«በልጄ መኪና ነዋ» አለች አማቱ። «ና ከኋላ ግባ። ብርቱካን የለም።»

ግርጌው ላይ ጎማዎቹ እንደገና መነፋት ነበረባቸው፤ በተነፈሰ ጎማ አስፋልት ላይ አይኬድም። ባልና ዋርሳ በየተራ ፓምፑን ረገጡ። አራተኛው ጎማ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ምላሳቸው ወጥቶ ነበር። እናቷ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፣ «ይሄኛው ገና ነው፣ ይሄኛው ልፍስፍስ ብሏል» እያለች ታሠራቸዋለች።

ከተማውን አቋርጣ እናቷን የወሰደቻት ወደ ሶፋ መሥሪያ ቤቷ ነው። እናቷ ቤቱን በሰው ሲወራ እንጂ አይታው አታውቅም ነበር። እናቷ ምርኩዟን እያስቀደመች ገባች፣ የስፖንጁን ክምር ወጋ ወጋ አደረገች፣ ከዚያ ተሠርተው የቆሙት ፎቴዎች ላይ በየተራ ተቀመጠች። አንዱ ጠለቀባት። አንዱ ከፍ አለባት። ረጅሙ ሶፋ ላይ ስትደርስ ግን ወዲያ ወዲህ እያለች ተደላደለች።

«እዚህ ጋ ይጎረብጣል» አለች ጎኗን እየነካች። «የት አባትሽ ነው የተማርሽው?»

ሶፋው በማግስቱ ለደንበኛ የሚሄድ ነበር። እትዬ ስፖንጅ እናቷን በእጇ ይዛ አስነሳቻት፣ ሶፋውን ገለበጠችው፣ የሥሩን ጨርቅ ቀደደች፣ ሞላውን በእናቷ ክብደት ልክ እንደገና ልታስር ክር መዘዘች። ለደንበኛው ሌላ ይሠራለታል።